እናቴ ለሳል የምትጠጣው ጦስኝ ከግፊት መድኃኒቷ ጋር ይጋጫል?

ጥያቄ፦ እናቴ የ61 ዓመት ሴት ናት። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል መውሰድ ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። ደረቅ ሳል አላስተኛ ስላላት ጠዋትና ማታ የጦስኝ ሻይ ትጠጣለች። «ጦስኝ ግፊትም ያወርዳል» እያለች ክኒኑን ለመተው አስባለች። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ሻዩን ይጠጡ፤ ለምግብ በሚውለው መጠን ጉዳት የለውም። እኔን ያሳሰበኝ ሳሉ ነው። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች ብራዲኪኒን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይፈርስ ያደርጋሉ፤ እሱ ሲከማች የአየር ቧንቧን ያስቆጣል። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮን የሚኮረኩር ሳል ይከተላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ክኒኑ ከተጀመረ ወራት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። የእናትዎ ሳል ይህ ከሆነ የቱንም ያህል ጦስኝ ቢጠጡ አይለቃቸውም። ሐኪማቸው እንደ ሎሳርታን ባለ መድኃኒት ሊቀይርላቸው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሳሉ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል። እስኪቀየር ድረስ ግን ክኒኑን በራሳቸው አያቋርጡ።

ስለ ግፊቱ፣ የጦስኝ ጭማቂ በአይጦች ላይ ግፊት መቀነሱ በጥናት ታይቷል። አይጥ ላይ የታየ ነገር ክኒን አያስጥልም።

ጦስኝ የሚያግዘው ጉንፋን ያመጣውን፣ አክታ ያለውን ሳል ነው። ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት የቅጠሉ ዘይቶች አክታን ለማላቀቅ ይረዳሉ። ዘይቶቹ በእንፋሎት ስለሚበኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል የፈላ ውሃ ይጨመርበትና ተከድኖ አሥር ደቂቃ ይቆይ። በጠርሙስ የሚሸጠው የጦስኝ ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እጅግ የተጠናከረ ስለሆነ አይጠጣም፣ ሳይበረዝም ቆዳ አይቀባም። «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለናና ቤተሰብ ዕፅዋት አለርጂ ያለበት ሰው ከምግብ መጠን በላይ ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ያማክር።

ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ይልቁንም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ያለው አክታ ካለ፣ የሳንባ ምርመራ ያስፈልጋል። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።