የድሮ ሕንፃዎቻችን ፕላን የት ነው ያለው? ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስለ መሃል አዲስ አበባ የድሮ ሕንፃ ፕላኖች ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ አርክቴክት ነኝ። ሥራዬ ነባር ሕንፃ መለካትና ማደስ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከአራዳ እስከ ለገሃር በየመዝገብ ቤቱ አቧራ ስጠጣ ኖሬያለሁ። ከተማው በየቀኑ እየተቀየረ ስለሆነ ጥያቄዎቹን ማሳደር አልፈለግኩም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ፒያሳ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አሠርተው ነበር። በደርግ ጊዜ ተወረሰ። ፕላኑን ፍለጋ አንድ መዝገብ ቤት ሄጄ "የለም" ተባልኩ። በቃ የለም ማለት ነው?

አይደለም እህቴ። "የለም" ማለት ብዙ ጊዜ "በሰጠሽኝ አድራሻ አላገኘሁትም" ማለት ነው። ተስፋ አትቁረጪ።

አንድ ነገር ልብ በይ። የአንድ ሕንፃ ወረቀት አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ቢያንስ አራት እጅ ያልፋል። ያሠራው፣ የነደፈው፣ የፈቀደው እና የገነባው። ባንክ አበድሮ ከሆነ ደግሞ ባንኩ አምስተኛ ነው። ፈቃድ ሰጪው ጋ የጠፋ ፕላን የኮንትራክተሩ ልጅ ቤት ቁምሳጥን ላይ ተጠቅልሎ አግኝቼ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዱ እጅ ባዶ ሲሆን ወደ ሌላው መሄድ ነው።

የአንቺ ጉዳይ ተጨማሪ እጅ አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በላይ የሚያወጡት ደግሞ ወደ ኪራይ ቤቶች። ኪራይ ቤቶች የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። እና መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ መዝገብ ቤቱን ሳይሆን የቤተሰቡን ሽማግሌ ነው። "ቤቱ ስንት ይከራይ ነበር?" በያቸው። መልሳቸው የትኛው በር ማንኳኳት እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ቀጥሎ አድራሻው። በደርግ ጊዜ ከተማዋ በ25 ከፍተኛ ተከፍላ ነበር። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተማ ሆነች። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆኑ። በደርግ ጊዜ የተከፈተ ፋይል ጀርባው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ነው። በዛሬው ወረዳ ብትጠይቂ ሠራተኛው ከልቡ ፈልጎም ላያገኘው ይችላል። የድሮ የውሃ ወይም የመብራት ደረሰኝ፣ የእናትሽ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የግብር ካርኒ፣ እነዚህ ላይ የድሮው አድራሻ አለ። ከደርግ በፊት የተከፈተ ከሆነ ደግሞ በባለቤቱ ስም ፈልጊ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ማዕረግ ነው። አያትሽ ባላምባራስ ወይም ፊታውራሪ ከነበሩ ስማቸው በ"በ" ወይም በ"ፊ" ስር ሊመዘገብ ይችላል። ሁለተኛው ፊደል ነው። "ኃይሉ" የሚል ስም በኀ፣ በሀ እና በሐ ሦስቱም ቦታ ይፈለጋል። "ሥዩም"ን በሠ ብቻ ፈልጎ የሚመለስ ሰው ግማሽ መንገድ ነው የሄደው።

ጥያቄ፦ አንድ ፕላን ላይ 1963 ይላል፣ ማህተሙ ላይ 1956። የትኛውን ልመን?

ሁለቱንም። የውጭ አገር አርክቴክት የራሱን ቀን ይጽፋል። የከተማው ማህተም የኛን ቀን ይይዛል። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ቀኑን ስትገለብጥ ግን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ጻፍበት። በዚህ ስህተት ብቻ አንድ ሕንፃ በሁለት ጽሑፍ ላይ ሁለት ዕድሜ ይዞ ሲዞር አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሕንፃ ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ላይ ነው። ኦሪጅናል ንድፉን ከየት ላግኝ?

ጥሩ ሕንፃ መርጠሃል። ከቸርችል ጎዳና ጫፍ ሆኖ ወደ ለገሃር የሚያየው ያ ሕንፃ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን አፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው እሱ ነው። ጣልያናዊ ነው፣ ሥራውን የጀመረው አስመራ ነው።

አራቱን እጆች አስታውስ። ያሠራውም የፈቀደውም ከተማው ራሱ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው ወረቀት እዚያው አስተዳደሩ ዘንድ ይጠየቃል። የነደፈው እጅ ግን ጣልያን ነው። የሜዜዲሚን ንድፎችና ፎቶዎች ቤተሰቡ ጠብቆ ይዟቸዋል። በትህትና ደብዳቤ ጻፍላቸው። የምትፈልገውን ለይተህ ንገራቸው። "ሁሉንም ላኩልኝ" የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። "የምክር ቤቱ አዳራሽ ሴክሽን" (ቁርጥ ንድፉን) ብትል ግን ሰው ተነስቶ ይፈልግልሃል።

የራስህን ትምህርት ቤትም አትርሳ። ልደታ ያለው ግቢ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከስዊድን ጋር በመተባበር የተከፈተ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተማሪዎች ከተማውን ሲለኩ ኖረዋል። አንዳንድ ፈርሶ ያለቀ ቤት ዛሬ ያለው በአንድ ተማሪ የመለኪያ ሥራ ውስጥ ብቻ ነው። አስተማሪዎችህን ወጥረህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ታዋቂው የፈረንጅ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ አዲስ አበባን ነድፏል የሚባለው እውነት ነው?

ንድፍ ሠርቷል፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ዓመት፣ አንድ እስኬች ሠርቶ ለሙሶሊኒ መንግሥት አቀረበ። ነባሩን ከተማ ምንም እንዳልነበረ ቆጥሮ ሰፊ ቀጥ ያለ ጎዳና የዘረጋ ነው። ተቀባይነት አላገኘም። ጣልያኖቹ ሥራውን ለራሳቸው ሰዎች፣ ለኢኛሲዮ ጉዊዲና ለቼዛሬ ቫሌ ሰጡ። ገበያው ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ የሄደው በዚያ ዘመን ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። የሰፈራችን የጣልያን ቤቶች ፈርሰዋል። ወረቀታቸው ይኖር ይሆን?

ልቤ ከአንተ ጋር ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ሰነድ ነው። "ካዛንቺስ" የመጣው "ካዜ ኢንቺስ" ከሚለው ነው። ኢንቺስ የጣልያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ተቋም ምህጻረ ስም ነበር። ፖፖላሬም እንደዚሁ ከጣልያንኛ ነው የመጣው። ስሙ የሚጠቅምህ ለዚህ ነው፤ ያሠራውን እጅ ይነግርሃል። ፍለጋህ ወደ ሮም ይወስድሃል ማለት ነው። እዚያ የአፍሪካና የምሥራቅ ጥናት ተቋም የሚባል ነበር። ሲዘጋ መጻሕፍቱና ካርታዎቹ ወደ ሮም ብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረዋል። እንዲህ ዓይነት የሠራተኛ ቤቶች ደግሞ በዓይነት በዓይነት ተነድፈው የሚደጋገሙ ናቸው። የአንዱን ፕላን ያገኘ የጎረቤቶቹንም አገኘ።

እዚህ አገር ያለውን ደግሞ አትናቅ። የ1988 ዓ.ም. የአየር ካርታ የይዞታ ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ነው። የቤቶቹን ጣሪያ ቅርጽና አቀማመጥ ያሳያል። ቁመታቸውን ግን አያሳይም። ለእሱ የቤተሰብ አልበም አውጣ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ በረንዳ ላይ የተነሳ ፎቶ። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ እኔ ከኋላዋ ያለውን በር ነው የማየው። የበሩን ቁመት ካወቅክ ከእሱ ተነስተህ የግድግዳውን ትሰላለህ። የጎረቤቶችህንም ሰብስብ። አሁን፣ ሰው ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበታትኖ ስልኩ ሳይጠፋ።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ሁልጊዜ የፈረንጅ አርክቴክት ስም ብቻ የምንሰማው?

ይህን ጥያቄ የላከውን ሰው አመሰግናለሁ። ብዙ ያሳዝነኛል።

ብሔራዊ ቲያትርንና ክቡን ንግድ ባንክ ስናነሳ አንሪ ሾሜትን እንጠራለን። ትክክል ነው፣ የእሱ ሥራ ናቸው። ከቲያትሩ ፊት ያለው አንበሳ ደግሞ የሞሪስ ካልካ ነው። ግን ፍልውሃንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ስናነሳ ብዙዎች ዛልማን ኤናቭ ብለው ያቆማሉ። ሚካኤል ቴድሮስ የት ሄደ? ቢሮው የሁለቱ ነበር። እስራኤላዊና ኢትዮጵያዊ አብረው የሠሩበት ቢሮ። ከዚያም በፊት፣ በምኒልክ ዘመን፣ አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን በአራዳ ብዙ ቤት ሠርቷል፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

መድኃኒቱ ወረቀቱ ላይ ነው። የፕላኑ ቀኝ ግርጌ ላይ አንድ ሰንጠረዥ አለ። የፕሮጀክቱ ስም፣ ስኬል፣ ቀን፣ የሉህ ቁጥር። እዚያው ውስጥ "የሳለው" እና "ያረመው" የሚሉ ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። ብዙ ሰው አያነባቸውም። የኢትዮጵያውያን ድራፍትስማኖች (ንድፉን በእጃቸው የሚስሉት ባለሙያዎች) ፊርማ ተደብቆ ያለው እዚያ ነው። ፎቶ ስታነሱ ሰንጠረዡን ቆርጣችሁ አታስቀሩ። ለብቻው ቀርባችሁ አንሱት። እኔ ከመሃሉ ሥዕል በፊት እሱን ነው የማነሳው።

ጥያቄ፦ መዝገብ ቤት ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

የትብብር ደብዳቤ። ከትምህርት ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከሙያ ማኅበር። የራስህ ቤት ከሆነ ካርታውንና መታወቂያህን። ደብዳቤው ላይ የሕንፃው የድሮ ስም ይኑርበት። ብሔራዊ ቲያትር በ1950ዎቹ ወረቀት ላይ "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር" ነው። የባንክና የቤተ መንግሥት ንድፍ እንደማይሰጥህ ቀድመህ እወቅ። ለደህንነት ሲባል ነው፣ አትጨቃጨቅ።

ፕላን ባታገኝም ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ፣ ሂድ። የድሮ ጋዜጦች አሉ። የመሠረት ድንጋይ የተጣለበት ዜና፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የምረቃ ፎቶ። ቀኑን ከዚያ ካገኘህ የፋይሉን ዓመት አወቅክ ማለት ነው። 6 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ፎቶና ካርታ አለው። የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ደግሞ አክብሩ። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፣ የሚያውቁት ግን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ወር የፈለግኩትን ፋይል ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት የቀራቸው እናት በአሥር ደቂቃ አወጡልኝ። መደርደሪያው ሲቀየር የት እንደሄደ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ያንን ክፍል የሚያውቅ ሰው አልተተካም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ስካን ካደረግን ወረቀቱን ብንጥለውስ?

በፍጹም! ስካን ኮፒ ነው። ኮፒው ግን በሌላ ቤት ይቀመጥ። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ከተማው ሁሉ ደነገጠ። የቤቱ ወረቀት እዚያው ቤቱ ውስጥ ብቻ ካለ እሳት ሁለቱንም አንድ ላይ ይበላል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምኖር አሮጊት ነኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና ድራፍትስማን ነበር። አልጋ ስር አንድ ትልቅ ጥቅል ወረቀት ትቷል። ልጆቹ "ይጣል" ይላሉ። ምን ላድርገው?

እማማ፣ እባክዎ እንዳያስጥሉት።

ዛሬ ከአልጋው ስር አውጥተው ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ያኑሩት። ክረምት ላይ ወለል እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ይደርስበታል። ጥቅሉን በኃይል አይፍቱት። ስስ የሆነው ትሬሲንግ ፔፐር ሲያረጅ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። የተቀደደ ካለ በፕላስተር አይለጥፉት፣ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔትም አያስደርጉት። መደቡ ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ የሆነ ካለ ብሉ ፕሪንት ነው። ብርሃን ያደበዝዘዋል፤ ግድግዳ ላይ አይስቀሉት። መደቡ ነጭ ሆኖ መስመሩ ሐምራዊ ከሆነ በአሞኒያ የታተመ ኮፒ ነው። እሱን ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡ፣ ሌላውን ወረቀት ያበላሻልና። በመሃል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይግባበት።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዙና ስለ ባለቤትዎ የሚያስታውሱትን ያስጽፉ። የት ቢሮ ሠራ? ከማን ጋር? ማታ ቤት ይዞት የሚመጣው ሥራ የየትኛው ሕንፃ ነበር? ይህን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጆችዎ ይጻፉልዎ፤ ምናልባት ሲጽፉ "ይጣል" ማለቱን ይተዉታል።

ጥቅሉን እኔ መጥቼ ብፈታው ደስ ይለኛል። የሚመችዎትን ቀን ይንገሩኝ። ሰፊ ጠረጴዛ ከሌለ ችግር የለም፣ መሬት ላይ ንጹሕ አንሶላ እናነጥፋለን።