የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሃያ ደቂቃ የተጫወተ ሰው በሠላሳ ስድስት ደቂቃ ሲሰፈር

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቦስተን አጠገብ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት የባለቤቴ ወንድም ቤተሰቡን ይዞ ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ መጥቶ ነበር። ዶሮአችንን በልተን ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ የቦስተኑ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሴልቲክስ ኦርላንዶን ሲያሸንፍ ፔይተን ፕሪቻርድ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ 19 ነጥብ አስቆጠረ። ማታ ደግሞ የኦሃዮው ክሊቭላንድ ከማያሚ ሲጫወት የክሊቭላንዱ ተቀያሪ ታይ ጄሮም 28 አስቆጠረና አማቼ ቤቱን በጩኸት አናጋው። ከሁለት ቀን በኋላ የዓመቱ ምርጥ ስድስተኛ ተጫዋች፣ ማለትም የምርጥ ተቀያሪ፣ ሽልማት ለፕሪቻርድ ተሰጠ። አማቼ ይህን እስከ ዛሬ አልተቀበለም። «ጄሮም በ36 ደቂቃ ሲሰላ 22.6 ነጥብ ነው፤ የእናንተው ልጅ 18 ነው» ይለኛል። ሰውየው በአንድ ጨዋታ 20 ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ 36ቱ ደቂቃ ከየት መጣ? ልጄ በበኩሉ «በነጥብ ከሆነ የዲትሮይቱ ማሊክ ቢዝሊ ከሁለቱም ይበልጣል» ይላል። የተቀያሪ ተጫዋች ዓመት በምን ይለካል? እርስዎ ይዳኙን።

መልስ፦ ዶሮ በልቶ በቅርጫት ኳስ የሚካረር ቤተሰብ ደስ ይላል። እኔ በወጣትነቴ አራት ኪሎ ወወክማ ሜዳ ዳር ጠረጴዛ ይዤ ነጥብ የምመዘግብ ሰው ነበርኩ። ያን ጊዜ የምንጽፈው ማን አስቆጠረ፣ ማን ጥፋት ሠራ የሚለውን ብቻ ስለነበር፣ ስንቱን ጎበዝ ተቀያሪ በባዶ መስመር እንዳሰናበትኩት ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። ስለዚህ ጥያቄዎ የልቤን ነው የነካው።

ሦስቱን ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ላስቀምጣቸው። በእ.ኤ.አ. 2024–25 የውድድር ዘመን ቢዝሊ በ82 ጨዋታ በአማካይ 27.8 ደቂቃ ተጫውቶ 16.3 ነጥብ አስቆጠረ። ፕሪቻርድ በ80 ጨዋታ 28.4 ደቂቃና 14.3 ነጥብ ነው። ጄሮም በ70 ጨዋታ 19.9 ደቂቃና 12.5 ነጥብ። ልጅዎ ያነበበው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው።

ሠላሳ ስድስቱ ደቂቃ መስፈሪያ ነው እንጂ የተጫወቱት ጊዜ አይደለም። የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው፤ አንድ ጠንካራ ቋሚ ተሰላፊ ከዚያ ውስጥ 36 ያህሉን ሜዳ ላይ ይቆያል ተብሎ የተወሰደ ልክ ነው። አንዱ ጤፉን በቁና፣ ሌላው በጣሳ ሲያመጣ ሁሉንም ኪሎ ላይ እንደ ማውጣት ማለት ነው። 12.5ን ለ19.9 አካፍለው በ36 ቢያባዙ 22.6 ይወጣል። በዚሁ ስሌት ቢዝሊ 21.1፣ ፕሪቻርድ 18.1 ነው። አማችዎ አልዋሹም፤ እንዲያውም የልጅዎን መከራከሪያ በአንድ ማካፈል ገለበጡት።

ነገር ግን ለአሥር ሰው የጣፈጠ ወጥ የሠራ ሁሉ የሠርግ ወጥ ይዋጣለታል ማለት አይደለም። ደቂቃው ሲጨምር እግር ይዝላል፣ ከተጋጣሚው ተቀያሪዎች ይልቅ ቋሚዎቹ ይገጥሙታል፣ ተከላካዮችም ያጠኑታል። ጄሮም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በቁርጭምጭሚት ጉዳት ምክንያት የተጫወተው 2 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናም ተደርጎለታል። ከእንዲህ ያለ ዓመት ተመልሶ ከሜዳ 51.6 ከመቶ፣ ከሦስት ነጥብ መስመር 43.9 ከመቶ ማስቆጠሩ በእውነት የሚደነቅ ነው። ሆኖም ደቂቃዎቹን በሙሉ ደምሩ፦ ጄሮም 1,393 ገደማ፣ ፕሪቻርድ 2,272 ገደማ። ልዩነቱ ወደ 880 ደቂቃ ይጠጋል፤ ይህም ከ18 ሙሉ ጨዋታ ይበልጣል። ክሊቭላንድ ያን ሁሉ ጊዜ ለሌላ ሰው መስጠት ነበረበት፤ ቦስተን ግን ለፕሪቻርድ ሰጠ። ለእኔ ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ የቀረውን የምጽፈው አማችዎ በቀላሉ የሚረቱ ሰው ስለማይመስሉኝ ነው።

አሁን ወደ ውርወራው። አንድ ተጫዋች ከአሥር ውርወራ አምስት ባለ ሁለት ነጥብ ቢያስገባ 50 ከመቶ ነው፤ 10 ነጥብ አለው። ሌላው ከአሥር አራት ብቻ፣ ግን ሁሉንም ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቢያስገባ 40 ከመቶ ነው፤ 12 ነጥብ አለው። ተራው መቶኛ የተሻለውን ሰው የባሰ አድርጎ ያሳየናል። ስለዚህ የገቡትን የሦስት ነጥብ ኳሶች አንድ ተኩል እያደረጉ መቁጠር ተጀመረ። የፕሪቻርድ የሦስት ነጥብ ውርወራ 40.7 ከመቶ በዚህ ዓይን ሲታይ ከቅርብ 61 ከመቶ እንደ ማስገባት ነው። የቅጣት ውርወራን ለመጨመር ደግሞ ነጥቡን በሙሉ፣ የሜዳ ውርወራና የቅጣት ውርወራ በ0.44 ተባዝቶ ተደምሮ ለሚገኘው እጥፍ ያካፍሉታል። 0.44 የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅጣት አንድ ጥቃትን ይጨርሳል፤ ግን ኳሷ ከገባች በኋላ የሚጣለው አንዱ ተጨማሪ ቅጣትና የቴክኒክ ጥፋት ቅጣት አዲስ ጥቃት አይበሉም። ስለዚህ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ይላል።

በሦስት ነጥብ ውርወራ በቢዝሊ 41.6 እና በፕሪቻርድ 40.7 መካከል ያለው ልዩነት ስንት ኳስ ነው? ፕሪቻርድ 255 የሦስት ነጥብ ኳስ ያስገባው ከ630 ገደማ ሙከራ ነው። ከመቶ 0.9 ማለት በዓመቱ በሙሉ ስድስት ኳስ ገደማ ነው። ስድስት ኳስ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ዞረው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ቢወድቁ ደረጃው ይገለበጣል። በጄሮም 43.9 ላይ ደግሞ የበለጠ እጠነቀቃለሁ፤ ሙከራዎቹ የፕሪቻርድን ግማሽ እንኳን አይሞሉም። ጎበዝ ተኳሽ ነው፤ ከሁለቱ በእርግጥ ይበልጣል ብዬ ግን አልፈርምም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ፕሪቻርድ ሩብ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ የሚወረውር ልጅ ነው፤ በ2024ቱ የፍጻሜ ግጥሚያ ዳላስ ላይ በአምስተኛው ጨዋታ ከ49 ጫማ፣ ማለትም ከ15 ሜትር ገደማ፣ በእረፍት ፊሽካ ላይ ያስገባትን እርስዎ ከእኔ በላይ ያስታውሷታል። ብዙዎች ግን መቶኛቸው እንዳይበላሽ ሲሉ ሆን ብለው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ይለቁ ነበር። ቁጥር ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ሊጉም ነገሩ ገብቶት ከ2025–26 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሩቦች መጨረሻ ሦስት ሰከንድ ውስጥ፣ ከራስ ሜዳ በተጀመረ ጥቃት፣ ከ36 ጫማ በላይ ርቀት የተወረወረና የተሳተ ኳስ በቡድኑ እንጂ በተጫዋቹ ስም እንዳይመዘገብ ደንግጓል። ለፕሪቻርድ ዓመት ግን ደንቡ አልደረሰለትም፤ የሳታቸው ሩቅ ኳሶች በሙሉ በራሱ ስም ተጽፈዋል።

ለአማችዎ ፍትሕ ስል የሚጎዳንንም ልናገር። ሴልቲክስ በዚያ ዓመት 1,457 የሦስት ነጥብ ኳስ አስገብተው የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብረዋል። የቡድኑ ኮከቦች ጄሰን ቴተምና ጄይለን ብራውን ሁለት ሁለት ተከላካይ ሲስቡ ጥግ ላይ ብቻውን የሚቀረው ፕሪቻርድ ነው። ያ ባዶ ቦታ የእርሱ ብቻ ሥራ አይደለም። ጄሮም በአንጻሩ የክሊቭላንድ ዋና ኳስ ያዦች ሚቸልና ጋርላንድ ሲያርፉ ራሱ ኳስ ይዞ ጥቃት ያዋቅር ነበር፤ ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ በደቂቃ ስሌቱም ውስጥ በደንብ ይታያል። ግን ፕሪቻርድ በጨዋታ 3.5 አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ቅብብል) እየሰጠ የሚያባክነው ኳስ አንድ ብቻ ነው። በ28 ደቂቃ አንድ! ኳስ የማያባክን ተቀያሪ አሰልጣኙን እንቅልፍ ያስተኛል። ቁመቱ 1.85 ሜትር ብቻ የሆነ ሰው ከረጃጅሞቹ መካከል ሾልኮ የተሳተ ኳስ ሲለቅምማ ይዩት።

እንግዲህ ፍርዴ፦ በደቂቃ ጥራት ጄሮም፣ በዓመት ሥራ ፕሪቻርድ። ሽልማቱ የዓመት ስለሆነ እኔም ለፕሪቻርድ እሰጥ ነበር። ከ100 መራጮች 82ቱ አንደኛ አድርገው መምረጣቸው ግን ልዩነቱን ከሚገባው በላይ ያሰፋው ይመስለኛል፤ ይህችን ለአማችዎ መካሻ ትሁን። ቢዝሊ 319 የሦስት ነጥብ ኳስ ማስገባቱን ለልጅዎ ይንገሩት። ከነጥቦቹ ከሰባ ከመቶ በላይ የሚሆነው ከዚያ የመጣ ነው፤ አንድ ሥራ እጅግ አሳምሮ የሠራ ሰው ነው። ጄሮም በበጋው ወደ ሜምፊስ ስለሄደ በሚቀጥለው ፋሲካ አማችዎ የትኛውን ቡድን እንደሚደግፉ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ተማሪ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሴቶች ቡድን ተቀያሪ ሆኜ እጫወታለሁ። አሰልጣኛችን ከጨዋታ በኋላ ነጥብ ብቻ ነው የሚያነብልን፤ የእኔ ሁልጊዜ ሁለት ወይም ዜሮ ነው። ጓደኞቼ ግን «አንቺ ስትገቢ ይሻለናል» ይሉኛል። ይህ በቁጥር ይታያል ወይስ ሊያጽናኑኝ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ይታያል፤ ደብተር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። እኔ በጠረጴዛ ዘመኔ ባደረግኩት ብዬ የምመኘውን አንቺ አድርጊው። ወንበር ላይ ያለች ጓደኛሽ አንቺ ስትገቢ ውጤቱን ትጻፍ፤ ስትወጪም ትጻፍ። ለምሳሌ 31 ለ38 እየተመራችሁ ገባሽ እንበል፤ ስትወጪ 44 ለ43 እየመራችሁ ነው። ቡድንሽ አንቺ እያለሽ 13 አስቆጠረ፣ 5 ተቆጠረበት፤ የአንቺ ቁጥር +8 ነው። ጨዋታውን በ4 ነጥብ ልዩነት ብትሸነፉ፣ አንቺ በሌለሽበት ጊዜ ቡድኑ −12 ነበር ማለት ነው። እዚያ ውስጥ አንድም ነጥብ ላይኖርሽ ይችላል።

ነገር ግን ይህችን ይዘሽ ነገ አሰልጣኙ ዘንድ አትሩጪ። ይህ ቁጥር የአምስት ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ከምርጧ ተጫዋቻችሁ ጋር አብረሽ የምትገቢ ከሆነ የእርሷን እንጀራ እየበላሽ ነው። ስለዚህ ከጎኑ አብረውሽ የነበሩትን አራት ስሞች ይጻፉልሽ፤ እርሷ ወንበር ላይ እያለችም ቁጥርሽ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያኔ የሚያወራ ነገር አለሽ። የአንድ ጨዋታ ምንም አይደለም፤ ሃያ ያህል ጠብቂ።

አንድሬ ኢጉዳላን ፈልገሽ ተመልከቺ። እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ድረስ በሥራ ዘመኑ የተጫወታቸውን 758 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች በሙሉ በቋሚነት ጀምሯል። በ2014–15 ግን ጎልደን ስቴት ውስጥ 77 ጨዋታ ተጫውቶ አንዱንም አልጀመረም፤ አማካዩም 7.8 ነጥብ ነበር። በፍጻሜው ከክሊቭላንድ ጋር 1 ለ2 እየተመሩ ሳለ አሰልጣኙ ስቲቭ ኬር አራተኛውን ጨዋታ ከእርሱ ጋር ጀመረ። የክሊቭላንዱን ኮከብ ሌብሮን ጄምስን የመጠበቁ ሥራ በዋናነት የእርሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልተሸነፉም። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ለደብተሩ እርሳስ ተጠቀሙ። እስክሪብቶ በላብ ይጠፋል፤ ውጤት ሰሌዳው ላይ ያለው ሰውም አንዳንዴ ይሳሳትና ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል።