የወባ ትንኝ፣ የጋምቤላ ሙሽራና የአክስት ምክር፦ ጥያቄና መልስ

የሰሞኑ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ ኤች አይ ቪ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ከአርባ ምንጭ፦ የወባ ትንኝ ቫይረሱን ታስተላልፋለች?

አታስተላልፍም። ብታስተላልፍማ ኖሮ በቆላው አገር ሁሉ ሕፃንና ሽማግሌ ሳይል እኩል ይይዝ ነበር።

ከሐዋሳ፦ ደብዳቤው ረጅም ነው። ባጭሩ እጮኛው የጋምቤላ ልጅ ናት፤ አክስቱ ደግሞ «እዚያ በሽታው ብዙ ነው፣ ልጄ ተው» ብለውታል። እውነት ነው ወይ ይላል።

ቁጥሩስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱን ስርጭት 0.9 በመቶ፣ የጋምቤላን 4.8፣ የአዲስ አበባን 3.4፣ የሶማሌ ክልልን ከ0.1 በታች ብሎ አስቀምጧል። ለመሆኑ እጮኛህ የቦሌ ልጅ ብትሆን አክስትህ ተው ይሉህ ነበር? ገና ድሮ ጌሾ ይወቀጥ ነበር።

ጋምቤላ ከፍ ካለበት ምክንያት አንዱ የወንድ ግርዛት ነው፤ በኑዌርና በአኙዋ ዘንድ እንደሌላው አካባቢ የተለመደ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሙከራዎች የተገረዘ ወንድ ከሴት የመያዝ ዕድሉ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ግን ግርዛት ብቻውን ቢያድን አዲስ አበባ ምን አገኛት? በዚያው ጥናት የአገሪቱ ከተሞች በጠቅላላ 2.9፣ ገጠሩ 0.4 በመቶ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚጠቅመው መመርመሪያና መድኃኒት ወዴት በብዛት ይላክ ብሎ ለሚያስብ ባለሙያ ነው። ከመቶ ጋምቤላዊ 95ቱ ቫይረሱ የለባቸውም፤ እጮኛህ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ደግሞ መታወቂያዋ ላይ አልተጻፈም።

የመንደርን ቁጥር በሰው ግንባር ላይ መለጠፍ የት እንደሚያደርስ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1996 የደም ባንኩ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም እየተቀበለ በስውር ሲደፋው መኖሩ በጋዜጣ ተጋለጠ። ሰበቡ «ስርጭቱ በእነሱ ዘንድ ከፍ ይላል» ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ደጃፍ ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንኳ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ፓርላማው ግቢ ደም ልስጥ ብላ እንደ ሌላው ሰው አልተቀበሏትም። በሦስት ዓመቷ እስራኤል የገባች ሴት!

ስለዚህ ሁለታችሁም አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ። ሁለታችሁም ያልኩት አንተንም ጨምሮ ነው።

ከደሴ፦ አንድ አባወራ ባለቤታቸው ፖዘቲቭ፣ እርሳቸው ኔጌቲቭ ሆነው ዓመታት አልፈዋል። «ደሜ ጠንካራ ነው መሰለኝ» ይላሉ።

ጋሼ፣ ምስጋናው ለደምዎ ሳይሆን መድኃኒቷን ሳያዛንፉ ለሚውጡት ባለቤትዎ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ካወረደው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ይህ ግን በግምት የሚሠራ አይደለም። አብረዋቸው ወደ ኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክፍሉ ይሂዱና የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ውጤት መቼ እንደተሠራና ስንት እንደሆነ ነርሷን ይጠይቁ፤ የራስዎንም ምርመራ ቀጠሮ ያስይዙ። ደብዳቤዎ ላይ ስለ ፀበል የጠቀሱትንም አይቼዋለሁ። ባለቤትዎ ፀበሉን ይጠጡ፣ ክኒኑን ግን ለአንድ ቀንም እንዳያቋርጡ። በዚህ አልደራደርም።

ስም ያልጠቀሱ፦ ይህን ያህል ገንዘብ ፈስሶ ቫይረሱ ያለበት ሰው ቁጥር ለምን ዜሮ አይገባም?

ሰው ስለማይሞት ነዋ። ነፃው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጀመሩ በፊት በየሰፈሩ ድንኳን ይተከል ነበር፤ የሞተ ደግሞ ከስርጭቱ ቁጥር ይወጣል። አሁን ያው ሰው ልጁን ድሮ የልጅ ልጅ ያያል፣ በቆጠራውም ውስጥ ይቆያል። ሥራው መሳካቱን ማወቅ ከፈለጉ በየዓመቱ አዲስ የሚያዘውንና የሚሞተውን ይመልከቱ።

ከአዳማ፦ ቤቴ ራሴን በራሴ ብመረምር ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ፖዘቲቭ ካለ ጤና ተቋም ሄደህ አረጋግጥ፤ ኔጌቲቭ ካለና ከተጋለጥክ ሦስት ወር ካልሞላህ ድገመው። የቀረውን ሐኪም ይንገርህ።