«ወላጆቹ» ወይስ «ቤተሰቦቹ»?

ጥያቄ፦ ሉቃስ 2፥41ን አብረን ስናነብ አንድ ወንድማችን «ዮሴፍ ጌታን አልወለደውም፤ ስለዚህ ‹ወላጆቹ› ከሚል ‹ቤተሰቦቹ› ቢል ይሻል ነበር» አለ። የግሪኩ ቃል የትኛውን ይደግፋል?

መልስ፦ «ወላጆቹ»ን። ግሪኩ «ጎኔይስ» ነው የሚለው። ሥሩ መወለድን የሚያመለክት ነው፤ የኦሪት ዘፍጥረት የግሪክ ስም «ጌኔሲስ» ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። የእኛም «ወላጅ» ከ«ወለደ» ነውና በሚገባ ይገጥመዋል። ዐረብኛም ከዚሁ ሴማዊ ሥር አውጥቶ ሁለቱን «ዋሊዳይን» ይላቸዋል። የብሉይ ኪዳን ዕብራይስጥ ግን ሁለቱን ለየብቻ መጥራት ይወዳል፤ ትእዛዙም «አባትህንና እናትህን አክብር» ነው የሚለው። ዕብራውያን 11፥23 ላይ ደግሞ ሙሴን የሸሸጉት በግሪኩ «ፓቴሬስ»፣ ቃል በቃል «አባቶቹ» ናቸው። አማርኛው «ወላጆቹ» ማለቱ ትክክል ነው።

የወንድማችሁ ሥጋት አዲስ አይደለም። ከጥንት ገልባጮች አንዳንዶቹ በቁጥር 43 ላይ «ወላጆቹ» በሚለው ፈንታ «ዮሴፍና እናቱ» ብለው ጽፈዋል። ሉቃስ ግን ከድንግል መወለዱን በምዕራፍ 1 የተረከ ሰው ሆኖ ሳለ ቃሉን አልሸሸውም። በቁጥር 48 ማርያም ራሷ «አባትህና እኔ» ትላለች።

ደግሞስ አማርኛችን መቼ እንዲህ ጠበበ? ተማሪ «ወላጅ ይዘህ ና» ሲባል አክስቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ይዞ ይሄዳል። ዘበኛውም ዳይሬክተሩም «አንተ አልወለድከውም» ብለው አይመልሱትም። ያሳደገ፣ የሚጠየቅለት ሰው ወላጅ ነው። ዮሴፍም እንዲሁ።

«ቤተሰብ» ሌላ ነው። ቤትና «ሰብእ»፣ ማለትም የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጁም አገልጋዩም ጭምር። ለዚህ ግሪኩ «ኦይኮስ» አለው፤ ሐዋርያት ሥራ 16፥15 ላይ ልድያ የተጠመቀችው ከቤቷ ሰዎች ጋር ነው። «ሰብ» ራሱ ብዙ ሰው ስለሆነ «ቤተሰቦቼ» ሲባል ለጆሮዬ የሁለት ሦስት ቤት ሰው ይመስለኛል።

ከተሜው ግን «ቤተሰቦቼ ጋ ነው የምኖረው» ሲል እናትና አባቱን ማለቱ ነው፤ ሰሚውም አይሳሳትም። ልማዱ ሄዷል፣ እኔ አልመልሰውም። ደስ ባይለኝም በጨዋታ መሃል ስህተት ነው ብዬ ማንንም አላርምም። በሉቃስ 2፥41 ላይ ግን አልስማማም፤ እዚያ «ቤተሰቦቹ» ካልን ሉቃስ ለይቶ ያነሣቸው ሁለቱ ሰዎች ከቤቱ ሰው ሁሉ ጋር ይቀላቀሉብናል።