የፖቶማክ አምባዛ፦ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት የጠየቃችሁኝ

ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለውን የዊልሰንን ድልድይ በየቀኑ በመኪና የምንሻገር ሐበሾች ብዙ ነን። ከድልድዩ ሥር ባለው ውሃ የአሥር ዓመት ልጅ ያህል የሚመዝን ዓሣ እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሰሞኑን ጓደኞቻችሁ አምባዛ ታቅፈው የተነሡትን ፎቶ አይታችሁ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን ያህል ዘመን አጠገቡ እየኖርን ወንዙን ከመኪና መስኮት ብቻ ማየታችን ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት እናንተ አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። የምትሄዱት ትልቅ ዓሣ ለመያዝ ነው ወይስ የሚበላ ዓሣ ለማምጣት? ሁለቱ አንድ ጉዞ አይደሉም። ወቅታቸው ይለያል፣ ካፒቴናቸውም ሊለያይ ይችላል። ብዙ ሰው ተከፍቶ የሚመለሰው ይህን ሳይወስን ስለሚሄድ ነው።

ወንድሜ፣ ወንዝ ዳር ቆሜ መንጠቆ መወርወር እየቻልኩ ለጀልባና ለካፒቴን ብዙ መቶ ዶላር የምከፍለው ለምንድን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ከዳር ሆኖ መያዝ ይቻላል። ዲሲ ውስጥ ፍሌቸርስ ኮቭ ሄደህ ብታይ ወንበራቸውን ዘርግተው አምባዛ የሚያወጡ ሰዎች ታገኛለህ። ገንዘብ ካጠረህ እዚያ ጀምር፤ ምንም አይጎድልብህም።

ለካፒቴኑ የምትከፍለው ለጀልባው ብቻ አይደለም። ዓሣው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ፖቶማክ ከዲሲ ጀምሮ ወደ ታች የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚደርስበት ወንዝ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። አምባዛው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ውሃው ሲንቀሳቀስ ነው። ውሃው ቆም ሲል እሱም ዝም ይላል። ጥሩ ካፒቴን የመነሻ ሰዓቱን የሚቆርጥልህ ይህን አይቶ ነው፤ "ጠዋት ስንት ሰዓት ይመችሃል?" ብሎ ብቻ አይደለም። ከዚያ የወንዙን ወለል በስክሪን እያየ ጥልቁ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ መልህቁን ይጥላል። ዘንጉን፣ መንጠቆውን፣ ማባበያውን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ያቀርባል።

ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ለጀልባው ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ሆናችሁ ብታዋጡ ይቀላል። ትናንሾቹ ጀልባዎች ቢበዛ ስድስት ከፋይ ሰው ነው የሚጭኑት። ጉርሻ ከ15 እስከ 20 ከመቶ የተለመደ ነው፤ በጀትህ ውስጥ አስገባው። አንድ ነገር ግን እንዳትረሳ፦ ለገንዘብ ሰው የሚጭን ሁሉ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ፣ ማለትም የኮስት ጋርድ የካፒቴንነት ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። "ላይሰንስህን አሳየኝ" ማለት ነውር አይደለም።

ፈቃድ ማውጣት አለብኝ? (ከአሌክሳንድሪያ)

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አላቸው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ 16 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ይፈልጋል። አንዳንድ ካፒቴኖች ተሳፋሪውን ሁሉ የሚሸፍን ፈቃድ ለጀልባቸው ያወጣሉ። ስትደውል ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የምናጠምደው በየትኛው ክልል ውሃ ላይ ነው? ፈቃድህ እኔንም ይሸፍናል? "አያስፈልግም" ካለህ ለምን እንደማያስፈልግ ያስረዳህ። ፈቃዱ ኢንተርኔት ላይ በደቂቃዎች የሚወጣ ነው፤ ቅጣቱ ግን ያናድዳል።

ይሄ አምባዛ እኛ ሐዋሳ እያየነው ያደግነው አምባዛ ነው? ምን ያህልስ ይተልቃል? (ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ከዉድብሪጅ)

የሩቅ ዘመዶች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የሐዋሳው፣ የዝዋዩና የጣናው አምባዛ ሰውነቱ ረዘም፣ ጭንቅላቱ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የጀርባው ክንፍ ተያይዞ እስከ ጅራቱ ጥግ ይደርሳል። ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ይቆያል። የፖቶማኩ ብሉ ካትፊሽ ይባላል። ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፣ የጀርባው ክንፍ አጭር ነው፣ ከአየር አይተነፍስም። ሪዙ ግን ሁለቱም ላይ አለ፤ አራት ጥንድ።

እዚህም ቢሆን መጤ ነው። የትውልድ ቦታው የሚሲሲፒ፣ የሚዙሪና የኦሃዮ ወንዞች ናቸው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለስፖርት አጥማጆች ተብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስና ራፓሃኖክ ወንዞች ላይ ተለቀቀ። ከዚያ ማን ያቁመው! ዛሬ ወደ ቼሳፒክ የሚፈሱትን ወንዞች አጥለቅልቋል። ሸርጣኑን ይበላል፣ ሻድ የሚባለውን ዓሣ ይበላል፣ የወንዙ ነባር የሆነውን ነጭ አምባዛም ተጋፍቶታል። በዚህ ምክንያት ሜሪላንድ በቁጥርም በመጠንም ገደብ አላደረገችበትም፤ የቻላችሁትን ያህል ያዙ ነው የምትለው። በሕይወት እያለ ወደ ሌላ ውሃ ወስዶ መልቀቅ ግን ክልክል ነው። ጓሮህ ያለው ኩሬ ውስጥም ቢሆን እንዳታስበው።

ምን ያህል ይተልቃል ላልከኝ፣ በ2012 ከፖቶማክ የወጣው የሜሪላንድ ክብረ ወሰን 84 ፓውንድ ነው፤ 38 ኪሎ ማለት ነው። በ2011 ከቨርጂኒያው የኬር ግድብ ሐይቅ የወጣው ደግሞ 143 ፓውንድ መዝኖ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። 65 ኪሎ!

የዶሮ ጉበት ገዝቼ ልምጣ? (ከላውረል)

አያስፈልግም። ለትልቁ አምባዛ ካፒቴኑ ትኩስ ሻድ ቆራርጦ ያቀርባል። አምባዛ ጣዕም የሚለየው በአፉ ብቻ አይደለም፤ በሪዙም በመላ ቆዳውም ነው። ደሙ ያልጠፋ ቁራጭ ዓሣ በድፍርስ ውሃ ውስጥም ቢሆን ከሩቅ ይጠራዋል። አንቺ ውሃና ምሳ ያዢ።

ባለፈው ስንሄድ ዘንጉ ሲታጠፍ በኃይል ጎተትኩና ዓሣው አመለጠኝ። ባለቤቴ ምንም ሳታደርግ ያዘች። እስካሁን ይስቁብኛል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? (ከጌትስበርግ)

ባለቤትህ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገችው። ነገሩ ያለው መንጠቆው ላይ ነው። ለአምባዛ የሚጠቀሙት ሰርክል ሁክ የሚባለውን ነው፤ ጫፉ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ራሱ የዞረ ክብ መንጠቆ። ዓሣው ጎርሶ ሲዞር መንጠቆው እየተንሸራተተ ይመጣና የአፉ ጥግ ላይ ይሰካል። ራሱ ነው የሚይዘው። አንተ ከዚያ በፊት ከጎተትክ ከአፉ አውጥተህ ትወስድበታለህ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ዘንጉ ጀልባው ጠርዝ ላይ ማስቀመጫው ውስጥ ተሰክቶ ይቆማል። መጀመሪያ ጫፉ ነቅነቅ ይላል። አትንካው። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። አንዳንዴ ትንሽ ዓሣ ነው፣ አንዳንዴም ትልቁ እየቀመሰ ነው። ከዚያ ዘንጉ በአንዴ ጎብጦ ጫፉ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ሳይመለስም እዚያው ይቀራል። ክሩም ከማጠንጠኛው እየጮኸ መውጣት ይጀምራል። አሁን ነው ሰዓቱ። ዘንጉን ከማስቀመጫው ሳታወጣ እጀታውን ቀስ ብለህ አጠንጥን። ክብደቱ ሲሰማህ በሁለት እጅህ አውጣው፣ መጨረሻውንም ሆድህ ላይ አስደግፈው።

ከዚህ በኋላ መቸኮል የለም። ሲሄድ ልቀቀው፣ ሲደክም ሰብስብ። ክሩ ግን እንዳይላላ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ድጋሚ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ብዙ ሰው "መጣልኝ" ብሎ የሚዘናጋው እዚያ ላይ ነው። መረቡን ለካፒቴኑ ተወው።

ሪዙ ይናደፋል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ለስላሳ ሥጋ ነው። የሚጎዳው እሾሁ ነው። አንድ ጀርባው ላይ፣ አንድ አንድ ደግሞ በግራና በቀኝ ክንፎቹ ላይ አለ። የትንንሾቹ እሾህ ከትልልቆቹ ይበልጥ የሾለ ነው፤ እሱን ነው መፍራት። ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚሻክር አፉን ይዘህ ፎቶ ልነሣ ካልክ ጓንት አድርግ።

መጤ ከሆነ ብዙ ብንበላ ጥሩ አይደል? ለልጆቼስ ባበላ ችግር አለው? (የሦስት ልጆች እናት፣ ከሃያትስቪል)

እህቴ፣ ለዚህ ጥያቄሽ አመሰግናለሁ። ሰው ሁሉ ሳይሄድ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ይህንን ነው።

ወንዙ ውስጥ ፒሲቢ የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። ድሮ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይውሉ የነበሩ ናቸው። አሜሪካ በ1979 ምርታቸውን አግዳለች፤ ጭቃው ውስጥ የገቡት ግን ቶሎ የሚጠፉ አይደሉም። ዓሣው ሲበላ ኬሚካሉ ስቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ዓሣው ባረጀና በተለቀ ቁጥር ያጠራቀመው ይበዛል። ስለዚህ ያ ፎቶ ላይ የሚያምረው ግዙፍ ዓሣ ድስት ውስጥ መግባት የለበትም። "ይሄን ያህል ሥጋ እንዴት ይጣላል?" እንደምትይ አውቃለሁ። ቢሆንም ለልጆች አታቅርቢው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የትኛው ዓሣ፣ ከየትኛው ወንዝ፣ በምን ርዝመት፣ በወር ስንት ጊዜ ሊበላ እንደሚችል የሚገልጽ የጤና ምክር ያወጣሉ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚሰጠው ምክር የጠበቀ ነው። ከመሄድሽ በፊት የምትሄጂበትን ወንዝ ፈልገሽ አንብቢው። እኔ በበኩሌ የማበስለው ትንንሾቹን ብቻ ነው።

አያያዙም ወሳኝ ነው። ዓሣው እንደወጣ ደሙ ይፍሰስ፣ ወዲያው በረዶ ውስጥ ይግባ። ቤት ስትደርሺ ቆዳውን ግፈፊው። የሆዱን ስብ ቁረጪ። ከዚያ የሥጋውን ጎን ስታዪ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የሚሄድ ጠቆር ያለ ቀይ መስመር ታገኛለሽ። በስለታም ቢላ እሱን ሙሉ በሙሉ አንሺው። የጭቃ ሽታ አለው የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ፒሲቢ የሚጠራቀመው ስብ ውስጥ ስለሆነ ስቡን ባነሣሽ መጠን የሚቀረውም ይቀንሳል። የወጣውን ስብ ለሌላ ነገር አትጠቀሚበት።

የሚቀርሽ ነጭና ጠንከር ያለ ሥጋ ነው። ለጉላሽ እንደሱ ያለ አላገኘሁም፤ ቲላፒያ ሲፈራርስ እሱ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ሎሚና ጨው ነካ አድርጊበት። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በደንብ ከበሰለ በኋላ ጨምሪው፣ ቃሪያውን መጨረሻ ላይ።

ካፒቴኑን "ዓሣውን ይዤ መሄድ እችላለሁ? ትገፍልኛለህ?" ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ገፎ ይሰጥሻል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። ትልልቁን ብቻ የሚያሳድዱት ደግሞ ሁሉንም መልሰው የሚለቁ አሉ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ለእኛ ለኦርቶዶክሶች ይፈቀዳል? (ከቤልትስቪል)

ቅርፊት እንደሌለው እውነት ነው። ዘሌዋውያን 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ይበላ ተብሎ ተጽፏል። ሀገር ቤትም አምባዛን በዚህ ምክንያት የማይነካ ብዙ ሰው አለ። ለእርስዎ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን መወሰን የእኔ ድርሻ አይደለም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። የማይበሉ ከሆነ ግን መዝናናቱ አይቅርብዎ፤ ያጠመዱትን ለሚበላ ወዳጅ መስጠት ይችላሉ። ቅርፊት ያለው ዓሣ ከፈለጉም ስኔክሄድ የሚባል ሌላ መጤ ዓሣ እዚሁ ፖቶማክ ውስጥ አለ። ሥጋው በጣም ጣፋጭ ነው፣ እሱን ለማጥመድ የሚወጡ ካፒቴኖችም አሉ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። እሷንና ልጆቹን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። መቼ ይሻላል? (ከፌርፋክስ)

ትልልቆቹ በደንብ የሚያዙት በቀዝቃዛው ወቅት ነው፤ ጥልቁ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ያ ግን ለእናትሽ አይሆንም። ክፍት ጀልባ ላይ የጥር ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ለቤተሰብ ፀደይ (ስፕሪንግ) ላይ ወይም መኸር (ፎል) ላይ ውጡ። ዓሣው ትንንሽ ቢሆንም ይበዛል፣ ልጆቹ አይሰለቹም፣ ለምሳም የሚሆነው እሱ ነው።

ማንም የማያነሣውን ልንገርሽ፦ ሽንት ቤት። ከእነዚህ ጀልባዎች ብዙዎቹ የላቸውም። እናትሽ አፍረው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ እንዳይውሉ ስትደውዪ ጠይቂ። ግማሽ ቀን ያዢ፣ አራት ሰዓት ያህል የሚፈጀውን። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት ማድረግ ግዴታው ነው። በልጆቹ ልክ መኖሩን ሳትነሡ በፊት ወደቡ ላይ አልብሰሽ እዪ። ለእናትሽም አልብሺያቸው። ነጠላቸውን መኪና ውስጥ ይተዉት፤ መንጠቆ ይይዘዋል።

የአጎቴ ልጅ ምግብ ቤት አለው። የያዝኩትን ብሸጥለትስ? (ከታኮማ ፓርክ)

አይቻልም። ለመዝናኛ በወጣ ፈቃድ የተያዘ ዓሣ አይሸጥም፤ መሸጥ ከፈለግህ የንግድ አጥማጅ ፈቃድ ያስፈልግሃል። በዚያ ላይ ሌላው ዓሣ በኤፍዲኤ፣ ማለትም በምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥር ሲሆን፣ ለገበያ የሚዘጋጀውን አምባዛ የሚቆጣጠረው እንደ ሥጋ ሁሉ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ነው። ሰውየው ከሕጋዊ አከፋፋይ ይግዛ። የቼሳፒክ ብሉ ካትፊሽ ተገፎና ተቆርጦ ይሸጣል። አንተ ያመጣኸውን እሑድ ቤትህ ጠርተህ ጋብዘው።