ያልገጠመው ቁጥር

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ «ጋሼ፣ አንዱ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አልሄድ ሲለኝ ምን ላድርገው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። አፍሬ ነው።

በወጣትነቴ የገጠር ዝናብ ለኪ ነበርኩ። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት የተጠራቀመውን ውሃ ለክቼ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። አንድ የነሐሴ ሌሊት ለቅሶ ቤት አደርኩ። ስመለስ መለኪያው ሞልቶ ውጪኛው ቆርቆሮ ውስጥ ፈስሷል። እንዲያ አይቼ አላውቅም። «የሰፈር ልጆች ውሃ ጨምረውበት ነው» ብዬ ደፋሁትና 12 ሚሊሜትር ብዬ ጻፍኩ። 12 ለነሐሴ ደህና ቁጥር ነው፤ ማንም አይጠይቅም። የእጅ ጽሑፌም ያኔ ያምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ከታች ያሉት ገበሬዎች ማሳቸውን ጎርፍ እንደወሰደው ሰማሁ። መዝገቡን ግን አልነካሁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ መሐንዲስ ድልድይ ሊሠራ መጣ። «በአንድ ቀን የዘነበው ትልቁ ዝናብ ስንት ነው?» አለኝ። መዝገቡን ሰጠሁት። ቡናም አስፈላሁለት። ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ስለ ሃሊ ቤይ የምርምር ጣቢያ ያነበብኩት በኋላ ነው። ጣቢያው አንታርክቲካ፣ ዌዴል ባሕር ዳር፣ ብረንት በሚባል ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ ላይ ነው። ስሙ ጅራታም ኮከቡ ከሚጠራበት ከኤድመንድ ሃሊ የመጣ ነው። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1956 አቆሙት። በረዶው ወደ ባሕር ስለሚንሸራተት «ቤይ» ያሰኘው ባሕረ ሰላጤ ራሱ ጠፍቷል። የቀድሞዎቹን ቤቶች በረዶ ዋጣቸው። ስድስተኛው ጣቢያ እግሩ ስኪ አለው፤ በረዶው መሰንጠቅ ሲጀምር በትራክተር 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎትተው አራቁት።

እዚያ ዶብሰን በሚባል መሣሪያ የፀሐይን ጨረር እያዩ ኦዞንን፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የሰማይ ጋዝ፣ ይለካሉ፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያንኑ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦክቶበር 300 ዶብሰን (የኦዞን መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ የነበረው በ1984 ወደ 200 ወረደ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆ ፋርማን መጀመሪያ የጠረጠረው መሣሪያውን ነው። አዲስ አስልኮ ቢለካ ያው ሆነ። በ1985 ከባልደረቦቹ ከጋርዲነርና ከሻንክሊን ጋር ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣው። በ1987 ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ለማስቀረት የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። የናሳ ሳተላይትም ዝቅተኛውን ቁጥር ለክቶት ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን «አጠራጣሪ» ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን እንጂ ሰማዩን አታዩም። እኔም ዛሬ ጃንጥላ የያዝኩት ስልኬን አይቼ ነው።

ትናንት ለልጁ ደወልኩለት። «ያየኸውን ጻፍ፤ ጥርጣሬህን ደግሞ በእርሳስ ከጎኑ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ እኮ ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ የለውም» አለኝ።