ለአሮጌዋ ሴሊካዬ የትኛው ፍሬን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። እ.ኤ.አ. የ1991 ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። ከአዲስ አበባ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ደጋግሜ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እየላላ ይወርዳል። ትልቅ ካሊፐር (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) እና የተበሳሳ ዲስክ ላስገጥምላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ብርህን ያዝ። ሲግል የሚላላ ፔዳል መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ብቻ ነው፤ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥርና እግርህ የሚጫነው እሱን ይሆናል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናዋ አልቆም ብትል ኖሮ የፍሬን ሸራውን እጠረጥር ነበር። ሙሉ ዘይቱን በዶት 4 አስቀይር፣ መስመሩ ውስጥ ያለው አየርም በደንብ ይውጣ። ዶት 5 እንዳታስጨምር፣ ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም። የላስቲክ ቱቦዎቹ የድሮዎቹ ከሆኑ እነሱንም ቀይራቸው። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት አይተህ አስለካ። ከዚያ ሙቀት የሚችል ጥሩ ሸራ ግዛ። ትልቁ ካሊፐር በፋብሪካው ቸርኬ ውስጥ ላይገባ ይችላል፣ የፊትና የኋላውን ፍሬን ሚዛንም ያዛባል። ዘይቱ እስኪቀየር ግን እባክህ ያንን ቁልቁለት አትውረድባት።